ማንም የማይቀድመው መኪና

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። መንገድ ላይ ሹፌር ሁሉ በትሕትና አስተናግዷችሁ ያውቃል? ክላክስ ሳያንባርቅባችሁ፣ ዘር ማንዘራችሁን ሳያነሳ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «መንጃ ፈቃዱን በዶሮ ነው የለወጥኸው?» ሳይላችሁ? እኔን ገጥሞኛል። የገጠመኝ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ ሲወርድ ባረፈደበት እሑድ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ከመጣባችሁ ምክሬ አጭር ናት፤ መኪናውን ዳር አስይዙና ማን እንደሞተባችሁ ጠይቁ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። የዚያ ክረምት ጉድ እኔ ነበርኩ። ከሥሩ ልንገራችሁ።

ታናሽ ወንድሜ ምንይችል የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ለዘመድ አዛኝ፣ ለጎረቤት ታዛዥ፣ ጾም የማይሽር ልጅ ነው። መሪ የጨበጠ ጊዜ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። በእሱ ዘንድ የፍጥነት ወሰን ማለት መኪናው «ከዚህ በላይስ አልችልም» ብሎ የሚጮህበት ቦታ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ይብስበታል። «ቶሎ ካልደረስን እኮ እንበሰብሳለን» ይላል፣ ጋቢና ውስጥ በደረቁ ተቀምጦ። ስልክ ከተደወለለትም መታጠፊያ ላይ ቢሆን ያነሳል። እኔ «ኧረ መሪ ይዘህ ስልክ አታንሳ» እለዋለሁ፤ እሱ «እሺ ጋሼ» ይለኛል፤ ይህንንም የምንባባለው እሱ እየነዳ በስልክ ነው።

ይኸው ወንድሜ የቡሬዋን ብርቱካንን ወደደ። እሷም ወደደችው። ያልወደዱት አባቷ ናቸው። አቶ አያልነህ የታወቁ የበርበሬ ነጋዴና የሰፈራቸው ዕድር ዳኛ ናቸው። ትውልዳቸው ከአዊ ስለሆነ ሲመርቁ በአማርኛ፣ ሲቆጡ በአዊኛ ነው ይባላል። በመጀመሪያው ሽምግልና ጊዜ ቤተ ዘመዱ አንድ ስሕተት ሠራ፤ ሽማግሌዎቹን ራሱ ምንይችል በጭነት መኪናው እንዲወስዳቸውና ከሩቅ አውርዷቸው እንዲመለስ ተስማማ። በስምምነቱ ላይ ፍሬኑ አልነበረም። መኪናው በጭቃው ተንሸራቶ ከአቶ አያልነህ አጥር ሥር ሄዶ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ሲወርዱ ለሽምግልና ሳይሆን ለሕክምና የመጡ ይመስሉ ነበር። አፈ ጉባኤ ተብለው የተመረጡት አዛውንት ያሰናዱትን ንግግር ሁሉ ረስተው «ውኃ» ብቻ አሉ።

አቶ አያልነህ በአዊኛ ብዙ ከተናገሩ በኋላ ወደ አማርኛ ተመለሱ። «ሽማግሌ እንዲህ አድርጎ የሚጭን ሰው የኔን ልጅ እንዴት አድርጎ ሊያኖራት ነው? እኔ ልጄን ያሳደግሁ ለትዳር ነው፤ መርዶ እንድትሰማ አይዶለም። ሽማግሌ አይመለስምና አንድ ጊዜ እንደገና ኑ። አመጣጣችሁን አያለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ደጄን እንዳትረግጡ።»

እንግዲህ ጉዳዩ ሁሉ በአመጣጣችን ላይ ተንጠለጠለ። ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ ከዘራችን ውስጥ እጅግ ፈሪ የሆነ ሹፌር ፈለገ፤ ብዙም ሳይደክም እኔን አገኘ።

እኔ ባንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። አንዲት እስክሪብቶ ለማውጣት ብዙ ፊርማ የማስፈርም፣ ከፊርማው በኋላም እስክሪብቶዋን በቅሬታ የምሰጥ ሰው ነኝ። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በቅርቡ ነው። መኪና ግን የለኝም። መኪና የሌለው ባለ መንጃ ፈቃድ ደግሞ ሕግ በማክበር የሚስተካከለው የለም፤ የሚጥስበት አጋጣሚ ከየት ያመጣል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ አስተማሪያችን ያለንን ሁሉ ቃል በቃል ይዤ ቀርቻለሁ። «ዝናብ ሲዘንብ ታፔላው ላይ የተጻፈውን ፍጥነት አትመኑት፤ እሱ ለደረቅ መንገድ ነው። ቀንሱ። ከፊታችሁ ካለው መኪና ራቁ። ፍሬን በድንገት አትርገጡ። መብራት አብሩ» ይለን ነበር። ስንት እንደምንቀንስ ግን አልነገረንም። ስለዚህ እኔ እስከምችለው ቀነስኩ።

ጓደኛዬ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ አዋሰኝ። ምንይችል በዚያው እሑድ ማዳበሪያ ስለሚያመላልስ ቅዳሜውኑ ደብረ ማርቆስ ሄዶ አድሮ ነበር። ደወልኩለትና «ዛሬ እንኳ ቡሬ አካባቢ እንዳትታይ፤ ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም» አልኩት። «እሺ ጋሼ» አለ። እሺ የምትለዋ ቃል ከክላክሱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የምታገለግለው ናት።

ሽማግሌዎቼ ሁለት ነበሩ፤ ሦስተኛው ቡሬ ሆነው ይጠብቁናል። አንደኛው መሪጌታ ዕንባቆም ናቸው፤ የቅኔ መምህር፣ ሰዓት ስንት ነው ቢሏቸው እንኳ በዙሪያ ጥምጥም የሚመልሱ። ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ከጎኔ ተቀመጡ። የማለዳውን ዳዊት አላደረሱም ነበርና መጽሐፋቸውን ዘርግተው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይደግሙ ጀመር። ሁለተኛው አያ ደምሌ ናቸው፤ ያን ጊዜ «ውኃ» ያሉት። ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ ሆነው መንገድ ላለማየት ምለዋል። ከኋላው ወንበር ላይ በጀርባቸው ተንጋለሉና ጋቢያቸውን ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ተከናነቡ። «ስንደርስ ቀስቅሱኝ። ካልደረስን ግን አትቀስቅሱኝ» አሉና እንቅልፋቸውን ለጠጡ።

እኔም «መብራት አብሩ» የተባለውን አስታውሼ ያለውን መብራት ሁሉ አበራሁ፤ የፊቱን፣ የኋላውን፣ አራቱንም ፍሬቻ። ፍሬቻው ብልጭ ድርግም ሲል ጠንቃቃነቴ ከሩቅ የሚታይ መስሎኝ ደስ አለኝ።

እስቲ አሁን እናንተ መንገድ ዳር ቆማችሁ ይህን መኪና ተመልከቱት። በእርምጃ ይሄዳል። አራት ፍሬቻ ያበራል። ከፊት ጥምጥም ያሰረ ካህን ዳዊት ይደግማል። ከኋላ በነጭ ጋቢ የተጠቀለለ ሰው ተጋድሟል። ምን ትላላችሁ? እኔ ግን ውስጥ ነበርኩ፤ ውስጥ ያለ ሰው የራሱን መኪና አያይም።

ገና ከፍኖተ ሰላም ሳንርቅ አንድ ሚኒባስ ከኋላዬ መጥቶ ክላክሱን አምባረቀው። ደጋገመው። «ሕግ በክላክስ አይሻርም» አልኩና ቀጠልኩ። በመጨረሻ ወደ ጎኔ ወጣና መስኮቱን አወረደ። የምሰደበውን ስድብ እየጠበቅኩ አንገቴን ሰበርኩ። ሰውየው አፉን ከፈተ፤ መሪጌታን አየ፤ የኋላውን ወንበር አየ። አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ከዚያ አማተበ፤ ከኋላው የሚያንባርቀውን ዘፈን ዘጋ፤ ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ኋላዬ ተመለሰና እሱም መብራቱን አበራ።

«አዩ መሪጌታ? ሰው መልካም ምሳሌ ካየ ይማራል» አልኩ።

መሪጌታ ዳዊታቸውን በጣታቸው ያዙና «ልጄ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ያንተ እንቁላል እግር የሚያወጣ መቼ ይሆን?» አሉኝ።

ሁለተኛ መኪና መጣ። አልቀደመም። አውቶቡስ መጣ። አልቀደመም። ከዚያ የጭነት መኪናው፣ ባጃጁ፣ ሞተር ብስክሌቱ ሁሉ እየመጣ ከኋላዬ ይሰለፍ ጀመር። በስፖኪዮው ባየሁ ቁጥር ሰልፉ ይረዝማል፤ ሁሉም መብራቱን አብርቶ፣ ርቀቱን ጠብቆ፣ ድምፁን አጥፍቶ ይከተላል። በሕይወቴ ሰው ተከትሎኝ አያውቅም፤ ልጆቼ እንኳ ገበያ ስወስዳቸው በሌላ በኩል ነው የሚሄዱት። እኔ አንድ ተራ የንብረት ሠራተኛ የጎጃምን መንገድ ሥርዓት አስያዝኩት ብዬ ደረቴ ተነፋ። እንደውም ለሚመለከተው አካል ተሞክሮዬን ማካፈል አለብኝ እያልኩ፣ የማደርገውን ንግግር በልቤ ማዘጋጀት ጀምሬ ነበር።

ከመንገዱ ግራና ቀኝ በቆሎ እየኮተኮቱ ያሉ ገበሬዎች ቀና ብለው አዩን። ባርኔጣቸውን አወለቁ። በዚያ ዝናብ! «ሽማግሌ ማክበር ገና አልጠፋም» አልኩና በፈገግታ እጄን አውለበለብኩላቸው። አንዷ ሴት እጄን ስታይ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘችና ራሷን ነቀነቀች። ዞር ብዬ ሳያት እያለቀሰች ነበር። እኔም ዝናብ ነው ብዬ አለፍኩ።

ማንኩሳ ስንደርስ ትራፊክ ፖሊስ መንገድ መሐል ቆሟል። ትራፊክ ፖሊስ ሳይ፣ ሕግ ባልጥስም፣ እጄ ወደ መንጃ ፈቃዴ ይሄዳል። እሱ ግን ከፊት የሚመጡትን ሁሉ በእጁ አግዶ ለእኔ መንገድ ከፈተልኝ። አጠገቡ ስደርስ መስኮቱን አውርጄ «ሠላሳ እንኳ አልሞላሁም» አልኩት፣ መመስገን የሚፈልግ ተማሪ ሆኜ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አይዞህ ወንድሜ» አለኝ። ድምፁ ተሰብሮ ነበር። ትራፊክ ፖሊስ ወንድሜ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ያኔ ነው መጀመሪያ ጥርጣሬ የገባኝ።

ከማንኩሳ ወጣ እንዳልን፣ ሰልፉ ያልፍ እንደሆነ ልይ ብዬ ዳር ይዤ ቆምኩ። ሰልፉም ዳር ይዞ ቆመ። የሚኒባሱ ሹፌር ወረደና ውኃውን እየረገጠ መጣ። ጃኬቱን አውልቆ በመስኮቴ ላይ ዘረጋልኝ፤ እንዳልረጥብ። ቅድም ሊሰድበኝ አፉን የከፈተው ሰውዬ ነው እንግዲህ።

«ጋሼ፣ ማን ነው የሞተ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ማንም አልሞተም። ዝናብ ስለሆነ ቀስ ብዬ እየነዳሁ ነው።»

ከዚያ የኋላውን ወንበር አየ። «እኚህስ?»

«እሳቸውማ ተኝተው ነው። ስንደርስ ቀስቅሱኝ ብለዋል።»

ሰውየው እንባው ግጥም አለ። ከኋላው ወደቆሙት ዞረና፣ እኔ የማልሰማ መስሎት፣ «አልተረዳም! ተኝተው ነው ብለው ነው የሚያስነዱት!» አለ። አንዷ ተሳፋሪ «ግፍ ነው! ሰው በገዛ ሬሳው ላይ ሹፌር ይሆናል?» አለች። ሌላዋ ደረቷን መታች። አያ ደምሌ በዚህ ሁሉ መሐል አልነቁም፤ ቢያንኮራፉ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። የሳቸው እንቅልፍ ግን ድምፅ የሌለው፣ የጨዋ እንቅልፍ ነው።

«የማን ወገን ነህ፣ ጋሼ?» አለኝ ሹፌሩ።

«የምንይችል ወንድም ነኝ። የጭነት ሹፌሩ።»

ይህን ስል ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ። «የምንይችል…» አለ። «ስነግረው፣ ስነግረው…» አለና ንግግሩን ዋጠው።

«ምንድን ነው የነገርኸው? ምንይችል ምን ሆነ?»

«ኧረ ምንም! ምን ይሆናል? ደኅና ነው! እንዲያው ነው!» አለ ፈጠን ብሎ። ከኋላው የቆሙትም ባንድ ድምፅ «ደኅና ነው! ደኅና ነው!» አሉ፤ ግማሾቹ ምንይችልን በዓይናቸው አይተውት የማያውቁ ናቸው።

እዚህ ላይ እንድታዝኑልኝ እፈልጋለሁ። በእኛ አገር ሞት እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ባለቤቱ የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ «እናትህን ትንሽ አሟት ነው» ይባላል፣ «አክስትህ ልታይህ ፈልጋ ነው» ይባላል፤ በሰበብ መኪና ላይ ይጭኑህና፣ ሽማግሌ አስከትለው፣ ለቅሶው ደጃፍ ያደርሱሃል። ብዙ ሰው ተሰብስቦ በዝናብ «ማንም አልሞተም» ብሎ ከማለልህ አንድ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ስልኬን አወጣሁና ለወንድሜ ደወልኩ። ጠራ፤ አልተነሳም። እንደገና ደወልኩ። አልተነሳም። ገደል አፋፍ ላይ ሆኖ ስልክ የሚያነሳ ልጅ አላነሳም።

ሁሉ ነገር ባንድ ጊዜ ተገለጠልኝ። ለምን መሪጌታ ዳዊት ይደግማሉ? ለምን አያ ደምሌ ፊታቸውን ይሸፍናሉ? እንባቸውን እንዳላይ ነዋ! ቤተ ዘመዱ ለምን ከሰው ሁሉ መርጦ እኔን ሹፌር አደረገኝ? እናታችን የተቀበረችበት ደብር ከቡሬ ማዶ ነው። ሽምግልናው ሰበብ ነው። ለካስ የሚወስዱኝ ወንድሜን ልቀብር ነው!

«መሪጌታ» አልኩ፣ መኪናውን እያስነሳሁ፣ «በሚያምኑት ታቦት ይሁንብዎ፣ እውነቱን ይንገሩኝ።»

መሪጌታ እንግዲህ ስለምን እንደምጠይቃቸው አያውቁም። ማርፈዳችን ብቻ ነው የጨነቃቸው። ግን ቅኔ ነዋ ትምህርታቸው፤ አላውቅም የሚባል መልስ በጉባኤ ቤታቸው የለም። «እውነት ጊዜ አላት፣ ልጄ» አሉ። «በመጀመሪያ እንድረስ። የሆነው ሆኗል፤ አንተ ብቻ በርታ።»

በርታ! አለቀ። ጮኼ አለቀስኩ። መሪጌታም የእኔን ለቅሶ ሲያዩ፣ በስልኩ አንድ ክፉ ነገር ሰምቶ ነው ብለው ዳዊታቸውን አጥፈው አብረውኝ አለቀሱ። አያ ደምሌ ከጋቢያቸው ሥር «ደረስን?» አሉ፤ መልስ ስላጡ ተመልሰው ተኙ። ከውጭ ያለውን ዝናብ መጥረጊያው ያነሳዋል፤ ለዓይኔ ግን መጥረጊያ አልነበረኝም። ወንድሜን እወደዋለሁ። ይህን ነገር ለእሱ ነግሬው አላውቅም፤ የምነግረው ሁልጊዜ ስለ ፍሬንና ስለ ስልክ ነው። ሠርጉን ሳያይ፣ የበርበሬ ነጋዴውን ልጅ ሳያገባ፣ በርጥብ አስፋልት ላይ መቅረቱ አንጀቴን በላው። ግን ይህንንም ልንገራችሁ፤ እንዲያ እየተንሰቀሰቅኩም ከያዝኩት ፍጥነት አላለፍኩም። ቤታችን ውስጥ አንድ ሟች ይበቃል አልኩ።

የፍጥነት ወሰን የሌለው ወሬ ብቻ ነው። የሚኒባሱ ሹፌር ለቡሬ መናኸሪያ ደውሎ ኖሯል፤ እኛ እየተንፏቀቅን መንገዱን ሳንጨርስ ቡሬ አልቅሳ ጨርሳለች። ከተማው መግቢያ ላይ ስንደርስ ያየሁትን አልረሳውም። ዕድሩ ወጥቷል። ድንኳን ተተክሏል። በትልቅ ብረት ድስት ንፍሮ ይፍለቀለቃል። ከሁሉም ፊት አቶ አያልነህ፣ ጋቢያቸውን ለለቅሶ ገልብጠው ለብሰው፣ ባርኔጣ ሳያደርጉ በዝናብ ቆመዋል።

ከመኪናው ስወርድ መጥተው አንገቴን አቀፉኝ። «ልጄ፣ አፌ ነው የገደለው» አሉኝ። «መርዶ ብዬ አፌን የከፈትሁ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።» በአማርኛ ነበር የተናገሩት።

በዚህ ጊዜ ብርቱካን ሰዉን ጥሳ መጣች። ልታገባው የምትፈልገውን ልጅ ስም በአባቷ ፊት ጠርታ የማታውቅ ጨዋ ልጅ ናት። ያን ቀን ግን በአገር ፊት፣ በዕድሩ ፊት፣ በሦስተኛው ሽማግሌያችን ፊት፣ «ምንይችልዬ! ቀስ በል ብየህ አልነበረም ወይ!» እያለች ጮኸች። እኔም ጮህኩ። ያልጮኸ አልነበረም።

የዕድሩ ጎልማሶች ወደ መኪናው ሄደው የኋላውን በር ከፈቱ። በክብር፣ በጥንቃቄ፣ ከራስና ከእግር ይዘው አነሱ። ሬሳው ከጋቢው ውስጥ «ደረስን እንዴ?» አለ።

ስለሆነው ነገር ብዙ ወሬ አለ፤ እኔ ያየሁትን ብቻ ልናገር። ጎልማሶቹ አልጣሏቸውም። አያ ደምሌን መሬት ላይ በክብር ካስቀመጧቸው በኋላ ነው የሮጡት። ዕድሩም ሮጠ። ጥሩምባ ነፊው ጥሩምባውን ጥሎ ሮጠ። የቀረነው አቶ አያልነህ፣ ብርቱካን፣ መሪጌታና እኔ ነበርን። አያ ደምሌ ጋቢያቸውን ገልጠው ግራ ቀኝ አዩና «ደግ ተቀበላችሁን። የደጉ ቤት ሰዎች ምነው ታለቅሳላችሁ?» አሉ።

አቶ አያልነህ በአዊኛ ጀመሩ። ቋንቋውን ባልችልም፣ ስለ እኔ መሆኑን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

«እና ምንይችል የት ነው ያለ?» አለች ብርቱካን፣ እንባዋን ሳትጠርግ።

«እኔ እናንተ ታውቃላችሁ ብዬ ነው የማለቅስ» አልኩ።

«እኛ አንተ ይዘኸው መጣህ ብለን ነው እንጅ!» አሉ አባትየው። ያቺ ቅጽበት ከመንገዱ ሁሉ ረዘመችብኝ።

ከሰልፉ ጅራት በኩል አንድ ሰው በዝናቡ ውስጥ ሲመጣ አየን። ኮፍያውን አውልቆ በደረቱ ይዟል። አንገቱን ደፍቷል። አጠገባችን ሲደርስ በሹክሹክታ «እግዜር ያጥናችሁ። ማን ነው የሞተ?» አለ።

ምንይችል ነበር።

አንገቱን አቅፌ ሳምኩት፤ ከዚያ በጥፊ መታሁት፤ ከዚያ እንደገና ሳምኩት። ሞቷል ብዬ ካለቀስኩት ይልቅ ሕያው ሆኖ ሳየው ያለቀስኩት ይበልጣል። ብርቱካን ግን አልቀረበችም። ነጠላዋን ጥርሷ መሐል ነክሳ ከቆመችበት ታየዋለች።

«ስልክህን ምነው?» አልኩት።

«ለቅሶ ላይ ስልክ ይነሳል እንዴ፣ ጋሼ? ድምፁን አጥፍቼው ነው። ማዳበሪያውን በቡሬ በኩል ኮሶበር አሁኑኑ አድርስ ብለውኝ ስሄድ ሬሳ ላይ ደረስሁ፤ ከማንኩሳ ወዲህ ስሸኝ ነው የመጣሁ።»

አቶ አያልነህ ወደ እሱ ጠጋ አሉ። አዊኛው ቆሟል። «ከኋላ ነበርህ?»

«አዎ፣ ጌታየ።»

«ሜዳው ላይ ያን ሁሉ መኪና ልትቀድም ትችል ነበር።»

«ሬሳ ይቀደማል ወይ? ነውር አይዶለም?»

«መታጠፊያውስ? ቁልቁለቱስ?»

«ቀስ ብየ ነው የመጣሁ። ፍሬን እንኳ በሙሉ አልረገጥሁም።»

«እንግዲያስ ትችላለህ» አሉ አቶ አያልነህ። ዝናቡ ከግንባራቸው እየወረደ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ቅድም የሸሸው ዕድር አንድ ባንድ እየተመለሰ ከኋላቸው ቆሟል። «እኔ እኮ የማይችል መስሎኝ ነበር። አይ ልጅ! ለማታውቀው ሬሳ ቀስ ብለህ ነዳህ። እኔ የምሰጥህ ደግሞ ሕይወት ያላት ልጅ ናት።»

ማንም ሳይተነፍስ መሪጌታ ዕንባቆም መቋሚያቸውን አነሱ። «ሰማችሁ? የምሰጥህ ብለዋል! ዳኛው በዕድራቸው ፊት የተናገሩት አይታጠፍም! ተቀብለናል!» ብለው እጅ ነሡ። ሽምግልናችን ንግግር ሳይደረግ፣ ሽማግሌም ቁጭ ሳይል እንዲህ ተፈጸመ። ሦስተኛው ሽማግሌያችን እልል በሉ ሲሉ፣ ሴቶቹ ለለቅሶ የታጠቁትን መቀነት ሳይፈቱ እልል አሉ።

የተተከለ ድንኳን አይፈርስም ተባለና ገባን። የሚኒባሱ ሹፌር፣ የአውቶቡሱ ተሳፋሪ ሁሉ ገባ፤ ለምን እንደመጣ ጠይቆ የወጣ አልነበረም። የሚቀርበው ያው የተቀቀለው ንፍሮ ነው፤ ስንዴና ሽምብራ። አያ ደምሌ «ለእጮኛ ንፍሮ ሲበላ ዛሬ አየሁ» እያሉ ሁለቴ አስጨመሩ። አቶ አያልነህ ከምንይችል እጅ የመኪናውን ቁልፍ ተቀብለው በኪሳቸው ጨምረዋል፤ ዝናቡ ሲያባራ እሰጥሃለሁ ብለውታል።

ብርቱካን እስካሁን አንዲት ቃል አልተናገረችውም። ፊቷን ታጥባ፣ መቀነቷን ፈታ መጣችና በሣህን የያዘችውን ንፍሮ ከፊቱ አስቀመጠች። ዓይኗ ገና እንዳበጠ ነው።

«ብላ» አለችው። «ላንተ የተቀቀለ ነው።»

ምንይችል ሣህኑን አየ፤ እሷን አየ፤ እፍኝ ዘገነ። ከእናቱ ሆድ ከወጣ ጀምሮ እንዲያ ቀስ ብሎ ሲበላ አይቼው አላውቅም።